ባንጆው የማን ነው? የአሜሪካ ተራሮች ሙዚቃና ክፍቱ ወንበር

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2024 መጀመሪያ ቢዮንሴ የካንትሪ ስልት ያለው ዘፈን አወጣች። በኦክላሆማ ግዛት የሚገኝ አንድ የካንትሪ ሬዲዮ ጣቢያ ዘፈኑን እንዲያሰማ አድማጭ ሲጠይቀው፣ የካንትሪ ጣቢያ ስለሆነ ቢዮንሴን እንደማያጫውት መለሰ። መልሱ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ቁጣ ሲቀሰቅስ ጣቢያው ሐሳቡን ቀየረና ዘፈኑን አሰማ። ክርክሩ ግን በዚያ አልቆመም። ጥቁር ዘፋኝ በካንትሪ ቤት ምን ትሠራለች በሚለው ጥያቄ ዙሪያ የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ለሳምንታት ሲነታረኩ ከረሙ።

በዚያ ሁሉ ንትርክ መሐል ብዙዎች ያላስተዋሉት ነገር ነበር። ዘፈኑ የሚከፈተው በባንጆ ድምፅ ነው። ባንጆውን የተጫወተችው የሰሜን ካሮላይናዋ ጥቁር ሙዚቀኛ ሪያነን ጊደንስ ናት። የመሣሪያው የዘር ሐረግ ደግሞ የሚመዘዘው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። የቅድመ አያቶቹን መሣሪያ ይዞ የመጣን ሰው «አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» ብሎ መጠየቅ እንዴት ተቻለ?

እዚህ ለመድረስ መቶ ዓመት የፈጀ የማስረሳት ሥራ ተሠርቷል። ማስረሳቱን በዋናነት የሠራው የሸክላ ገበያው ነው። የተረሳው እንዲታወስ ያደረገው ደግሞ መድረክ የሌለው፣ ትኬት የማይቆረጥበት፣ ሰዎች ወንበር ገጥመው ተያይተው የሚጫወቱበት ተራ ክብ ነው። አሜሪካውያን «ጃም» ይሉታል። የብሉግራስና የኦልድ ታይም ሙዚቃ ታሪክ ሲጠና፣ የሚደነቀው መድረክ ላይ የወጣው ነው፤ ነገሩን በሕይወት ያቆየው ግን ክቡ ነው። ክቡም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አልነበረም።

▪️ ያልተጻፈው ሕግ

በቨርጂኒያ፣ በኬንታኪ፣ በቴነሲ፣ በሰሜን ካሮላይናና በዌስት ቨርጂኒያ በሚዘረጉት የአፓላቺያ ተራሮች፣ ዛሬ ደግሞ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች፣ በሳምንት አንድ ቀን ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። ቦታው የመንደር ሱቅ፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ካፌ ወይም የአንድ ጎረቤት ሳሎን ሊሆን ይችላል። ቫዮሊን አለ፤ የተራራው ሰው «ፊድል» ይለዋል። ባንጆ፣ ጊታር፣ ማንዶሊንና ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ አለ። ማይክሮፎን የለም። ወንበሮቹ ወደ ውስጥ ዞረው ይደረደራሉ፤ ተመልካች ካለ የሚያየው ጀርባ ነው። ጡረተኛው፣ ነርሷ፣ መካኒኩ፣ መምህሩና የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ሙዚቃው ሁለት ቤተሰብ አለው። ታላቁ ኦልድ ታይም የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ ነው። በዚህኛው ሁሉም አንድ ዜማ በአንድነት ይጫወታሉ፤ ያንኑ ዜማ ደጋግመው ያዞሩታል፤ ብቻውን ነጥሮ የሚወጣ የለም። ፊድሉ ይመራል፤ መሪው እግሩን ብድግ ሲያደርግ የመጨረሻው ዙር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ፊድሉና ባንጆው ለእያንዳንዱ መነሻ ድምፅ እንደገና ስለሚቃኙ፣ ክቡ በአንድ ቅኝት ላይ ረጅም ጊዜ መቆየትን ይመርጣል።

ታናሹ ብሉግራስ ነው። ፈጣን ነው፤ በዚህኛው እያንዳንዱ ተጫዋች ችሎታውን የሚያሳይበት ተራ አለው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ተራው እንደ እቁብ ይዞራል፤ ያልተዘጋጀ ሰው ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ለጎኑ ያሳልፋል። ማለፍ ነውር አይደለም።

ዘፈን የሚመርጠው ሰው መጀመሪያ መነሻ ድምፁን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ በጂ፣ በኤ ወይም በዲ። ዘፈኑን የማያውቅ እንግዳ የጊታሪስቱን ግራ እጅ እያየ ይከተላል፤ ብዙዎቹ ዘፈኖች በሦስት ኮርዶች የሚያልቁ ናቸውና ጥቂት ዙር ካዳመጠ ይደርስበታል። የዘፋኙን ድምፅ መስማት ካቃተህ አንተ ጮኸሃል ማለት ነው። ማንም ሊከተለው የማይችል ዘፈን መጥራት እንደ ትዕቢት ይቆጠራል። ጀማሪ ወደ ኋላ ወንበሩን አድርጎ በለሆሳስ ይለማመዳል፤ ለጀማሪዎች ብቻ የሚዘጋጅ ዝግ ያለ ጃምም አለ።

ይህ ሁሉ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ የሚያስፈጽመው ዳኛም የለውም። የሚወርሰው የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። የክቡ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ያልተቀመጠ ሰው አይወርስማ።

▪️ ከቅል የተሠራው መሣሪያ

ባንጆ አሜሪካ የደረሰው በባርነት ከተጋዙት አፍሪካውያን ጋር ነው። ሃንስ ስሎን የተባለ ሐኪም በ1680ዎቹ መጨረሻ ጃማይካ ቆይቶ በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በባርነት ያሉ ሰዎች የሚጫወቱባቸውን ከቅል የተሠሩ ባለ አውታር መሣሪያዎች በሥዕል አስቀምጧል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ራሱም የባሪያዎች ጌታ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን በ1780ዎቹ ስለ ቨርጂኒያ በጻፈው መጽሐፍ፣ መሣሪያውን ጥቁሮቹ ከአፍሪካ እንዳመጡት መዝግቧል። በዚያው ዘመን በደቡብ ካሮላይና የተሳለ ሥዕል ላይም ጥቁር ሰው የቅል ባንጆ ይዞ ይታያል። ማለትም የባንጆ ምንጭ ያን ጊዜ ምሥጢር አልነበረም።

በሴኔጋልና በጋምቢያ የጆላ ሕዝብ ዛሬም አኮንቲንግ የሚባል መሣሪያ ይጫወታል። ሆዱ ቅል ነው፤ በላዩ ቆዳ ተወጥሯል፤ አንገቱ ረጅም ዘንግ ሲሆን አንዷ አውታር አጭር ሆና በአውራ ጣት ትነካለች። ጋምቢያዊው ዳንኤል ጃታ ይህን መሣሪያ በ2000 ለአሜሪካ የባንጆ ተመራማሪዎች ሲያስተዋውቅ ብዙዎቹን ያስደነቃቸው የቅርፁ መመሳሰል ብቻ አልነበረም። በጥፍር ወደ ታች መምታትና በአውራ ጣት ማንሳት፣ የአፓላቺያ አዛውንቶች ባንጆ የሚመቱበት ያው ጥንታዊ ስልት ነበር።

ፊድሉ ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድና ከእንግሊዝ መጣ። በእርሻዎቹ ላይ ግን ለነጮቹ ጭፈራ ፊድል የሚጫወቱት ብዙ ጊዜ በባርነት ያሉ ጥቁሮች ነበሩ። ስለዚህ የአውሮፓው ፊድልና የአፍሪካው ባንጆ የተጋቡት በሰዎች እጅ ነው። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው የደቡቡ ባለ አውታር ባንድ፣ የኦልድ ታይምም የብሉግራስም እናት ነው።

ከዚያ በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ንግዱ መጣ። ከጥቁሮች ባንጆ የተማረው የቨርጂኒያው ጆኤል ስዊኒና መሰሎቹ፣ ፊታቸውን በጥላሸት አጥቁረው ጥቁሩን እያፌዙበት መድረክ ላይ ወጡ። በ1843 ኒው ዮርክ ላይ አንድ ሙሉ ቡድን በዚህ ትርኢት ታወቀ፤ ፋሽኑም አገሩን አዳረሰ። ባንጆ በፋብሪካ ተመርቶ በየሳሎኑ ገባ። መሣሪያው ሲከበር ባለቤቱ ተዋረደ። ከጥቁሮች መካከል በኋላ ብዙዎች ባንጆን የሸሹበት አንዱ ምክንያት ይህ የፌዝ ትዝታ ነው።

▪️ ሸክላው መስመር ሲያሰምር

እስከ 1920ዎቹ ድረስ በደቡቡ ገጠር ጥቁሩም ነጩም ፊድልና ባንጆ ይጫወት ነበር። ሕጉ በባቡርና በትምህርት ቤት ለያይቷቸዋል፤ ዜማዎቹ ግን አጥሩን እየዘለሉ ይሻገሩ ነበር። ዜማዎቹን በሁለት መደርደሪያ የከፈላቸው የሸክላ ኩባንያው ነው።

በ1920 ጥቁሯ ዘፋኝ ማሚ ስሚዝ ለኦኬ ኩባንያ ያስቀረጸችው ብሉዝ እንደ ጉድ ተሸጠ። ነጋዴዎቹ ጥቁሮች ሸክላ እንደሚገዙ ተረዱና «የዘር ሸክላዎች» የሚል የተለየ ዝርዝር አወጡ። በ1923 የዚያው ኩባንያ ሰው ራልፍ ፒር፣ አትላንታ ላይ ፊድሊን ጆን ካርሰን የተባለውን የጆርጂያ ፊድለኛ ቀረጸ። ይህም ሳይታሰብ ተሸጠ። ለገጠር ነጮች ሌላ ዝርዝር ተከፈተ፤ «ሂልቢሊ» ተባለ፤ የተራራ ገጠሬ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጥቁር ሙዚቀኛ ወደ ቀረጻ ሲመጣ የሚፈለግበት ብሉዝ ሆነ። ፊድል መጫወት የሚችል ጥቁር ቢኖር የሚቀመጥበት መደርደሪያ አልነበረም፤ የተቀረጹት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ነጋዴው ምናልባት ክፋት አላሰበም፤ የፈለገው ዕቃውን ለየትኛው ደንበኛ እንደሚያቀርብ ማወቅ ነበር። ውጤቱ ግን የከፋ ነው። ከአሥርታት በኋላ ታሪክ ጸሐፊዎችና ሰብሳቢዎች የሸክላውን ካታሎግ የሕዝቡ ካርታ አድርገው አነበቡት። በሸክላው ላይ ያልታየ ሰው በታሪኩም እንዳልነበረ ተቆጠረ።

ሁለተኛው ጉዳይ የባለቤትነት ወረቀት ነው። በ1927 ክረምት ፒር፣ አሁን ለቪክተር ኩባንያ እየሠራ፣ በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ ባለችው ብሪስቶል ከተማ ለሁለት ሳምንት ገደማ የመቅረጫ ጣቢያ ከፈተ። የካርተር ቤተሰብና ጂሚ ሮጀርስ እዚያ ተገኙ። ፒር ከኩባንያው ጋር ያደረገው ውል ብልህ ነበር፤ ደሞዝ አልጠየቀም፣ የዘፈኖቹን የቅጂ መብት ግን ያዘ። ስለዚህ ዘፋኞቹ በስማቸው ሊመዘገብ የሚችል ዘፈን ይዘው መምጣት ነበረባቸው። ኤ.ፒ. ካርተር ዘፈን ፍለጋ ተራራ ለተራራ ዞረ። አብሮት የዞረው ሌስሊ ሪድል የተባለ ጥቁር ጊታሪስት ነው፤ በሲሚንቶ ፋብሪካ አደጋ እግሩን ያጣ ሰው። ካርተር ግጥሙን ይጽፋል፤ ሪድል ዜማውን በአእምሮው ይይዛል። ሰውየው በእግሩ የሚሄድ መቅረጸ ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል። ዘፈኖቹ በካርተር ስም ተመዘገቡ። የሪድል ስም በሸክላዎቹ ላይ አልወጣም። በክቡ ውስጥ የሁሉም የነበረው ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር የአንድ ሰው ሆነ።

ሦስተኛው ፖለቲካ ነው። የመኪናው ባለሀብት ሄንሪ ፎርድ በጋዜጣው አይሁዳውያንን በጥላቻ ሲያጠለሽ ጃዝንም የእነርሱ ሴራ አድርጎ ያቀርብ ነበር። መድኃኒት ብሎ ያሰበው የድሮውን ጭፈራና የድሮውን ፊድል ነው። በ1926 የፎርድ መኪና ሻጮች በብዙ ከተሞች የፊድል ውድድር አዘጋጁ። ብዙ ቅልቅል ያለበት ሙዚቃ በአንድ ባለጸጋ ገንዘብ የ«ንጹሕ» ነጭ አሜሪካ ምልክት ሆኖ ቀረበ። የፊድለኛው ጎረቤት ማን እንደነበር የጠየቀ አልነበረም።

አራተኛው ሬዲዮ ነው። የናሽቪሉ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ፕሮግራም ከመጀመሪያዎቹ ኮከቦች አንዱ ሐርሞኒካ ተጫዋቹ ዴፎርድ ቤይሊ ነበር፤ ጥቁር ነው። ፕሮግራሙ ስሙን ባገኘበት የ1927 ምሽት ተጫውቷል። በጉዞ ላይ ግን ከባልደረቦቹ ጋር በአንድ ሆቴል ማደር፣ በአንድ ምግብ ቤት መብላት አይፈቀድለትም። በ1941 ተሰናበተ፤ ከዚያ በኋላ ኑሮውን የገፋው በናሽቪል ሊስትሮ ቤት ከፍቶ ነው። የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ስሙን የተቀበለው በ2005፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ ነው።

▪️ ድምፁ ያልተቀረጸው መምህር

ብዙ ሰው ብሉግራስን ከጥንት የወረደ ሙዚቃ አድርጎ ያስበዋል። ልደቱ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጋር እኩያ ነው። ማንዶሊን ተጫዋቹ ቢል ሞንሮ በ1939 ኦፕሪን ተቀላቀለ፤ ባንዱን በትውልድ ግዛቱ በኬንታኪ ቅጽል ስም «ብሉ ግራስ ቦይስ» ብሎ ሰይሟል። በ1945 መጨረሻ የሰሜን ካሮላይናው ኧርል ስክራግስ በሦስት ጣት የሚፈስ ፈጣን ባንጆውን ይዞ ባንዱን ሲቀላቀል፣ ዛሬ ብሉግራስ የምንለው ድምፅ ተሟላ።

ሞንሮ ግን ሙዚቃውን ብቻውን አልፈጠረውም፤ እሱም እንዲህ አላለም። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ካሳደገው ፊድለኛ አጎቱ ሌላ፣ ሲነሳ የሚጠራው ስም አርኖልድ ሹልትዝ ነው። ሹልትዝ በምዕራብ ኬንታኪ የድንጋይ ከሰል አገር የሚዞር ጥቁር ጊታሪስትና ፊድለኛ ነበር። ሞንሮ በልጅነቱ በሠፈር ጭፈራ ላይ አጅቦት ተጫውቷል፤ በሙዚቃው ውስጥ ያለው የብሉዝ ስሜት ከየት እንደመጣ ሲጠየቅም ይህን ሰው ይጠቅስ ነበር። ሹልትዝ በ1931 ሲሞት አንድም ሸክላ አላስቀረጸም። ከዘመናዊ የሙዚቃ ስልቶች የአንዱ መምህር ድምፁ የትም የለም። በክቡ ባይቀመጥና ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ባያስታውሰው ኖሮ ስሙም ባልኖረ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሮክ ኤንድ ሮል ሲመጣ የብሉግራስ ገበያ ቀዘቀዘ። ያዳኑት ስደተኞችና ክቦች ናቸው። የተራራው ሰው ለመንግሥትና ለፋብሪካ ሥራ ወደ ከተሞች ፈልሶ ነበር፤ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው አንዱ ዋና መድረሻ ነው። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ በዚያ ዘመን የብሉግራስ ሰፈር ነበሩ። በ1971 በዚሁ አካባቢ የተመሠረተው ሴልደም ሲን የተባለ ባንድ አባላቱ የቀን ሥራ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሐኪም፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ የካርታ ባለሙያና የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ። በሳምንት አንድ ምሽት እንደ ካርታ ጨዋታ ሊገናኙ ጀምረው ዝነኛ ባንድ ወጣቸው።

በ1965 ደግሞ ካርልተን ሄይኒ የተባለ አዘጋጅ በቨርጂኒያ ፊንካስል አቅራቢያ፣ በአንድ የፈረስ እርባታ ቦታ ላይ የመጀመሪያውን የበርካታ ቀናት የብሉግራስ ፌስቲቫል አካሄደ። ሰዎች ሞንሮን ለማየት መጡ፤ ሙዚቃው ግን ከመድረኩ ይልቅ መኪና ማቆሚያው ላይ ደራ። ከመድረኩ ፊት የሚሰበሰበው ሕዝብ ሲበተን መኪኖቹ መሐል ክቦች ይበቅላሉ፤ እስከ ንጋት ይጫወታሉ። ከ1935 ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው የጌላክስ የፊድለኞች ጉባኤም ነገሩ ያው ነው። እስከ ዛሬ ትኬት ከፍሎ ገብቶ መድረኩን ሳያይ የሚመለስ ሰው ሞልቷል።

▪️ ፖሊስ የመጣበት እሑድ

ክቡ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ደግሞ ባለሥልጣን አለው። በኒው ዮርክ ዋሽንግተን ስኩዌር መናፈሻ ከ1940ዎቹ ጀምሮ እሑድ ከሰዓት ወጣቶች ባንጆና ጊታር ይዘው ፏፏቴው ዙሪያ ይጫወቱ ነበር። በ1961 ጸደይ የከተማው የመናፈሻዎች ኮሚሽነር ኒውቦልድ ሞሪስ ፈቃድ ከለከለ። ነጭና ጥቁር ወጣቶች አብረው መዋላቸው ያስከፋቸው ሰዎች ከእገዳው ጀርባ እንዳሉ በወቅቱም ይነገር ነበር። ኤፕሪል 9 ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ፤ እየዘፈኑ ተቃወሙ፤ ፖሊስ ገፋቸው፤ የታሰሩም ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ እገዳው ተነሣ። ሙዚቃውን ሰላማዊ የእሑድ መዝናኛ አድርጎ የሚያየው ሰው፣ ሰዎች በነጻ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ለአንድ ሰው ሥጋት መሆኑን ከዚህ ይማራል።

ከእነዚህ የከተማ ወጣቶች መካከል ነበር የድሮውን ሙዚቃ ፍለጋ ወደ ተራራው የሄዱት። በ1958 ኒው ሎስት ሲቲ ራምብለርስ የተባለውን ቡድን ካቋቋሙት አንዱ ማይክ ሲገር፣ የተረሳውን ሌስሊ ሪድልን በ1965 ሮቼስተር ኒው ዮርክ አግኝቶ ድምፁን ቀረጸ። ሌሎች የሰሜን ካሮላይናውን ቶሚ ጃረልን አገኙ። ጃረል በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ግሬደር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ፊድለኛ ነው። ከኒው ዮርክም ከካሊፎርኒያም በሩን ለሚያንኳኳ ወጣት ሁሉ ቤቱን ከፈተ፤ አበላ፣ አሳደረ፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ አስተማረ። በ1982 የብሔራዊ ቅርስ ሽልማት ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ ኦልድ ታይም የሚጫወት ክብ ሁሉ የጃረል ዜማ አይጠፋበትም።

▪️ የሐሙስ ሳሎን

እዚህ ላይ የክቡ ጥላ ይታያል። ወደ ጃረል በር የጎረፈው ወጣት በአብዛኛው ነጭ ነበር፤ በብዙ ጃሞችም የሚታየው ፊት ይኸው ሆነ። ማንም «ጥቁር አይገባም» ብሎ አልጻፈም። ነገር ግን በአንዳንድ ፌስቲቫሎች የመኪና ማቆሚያ ላይ ባርነትን ለማስቀጠል የተዋጋው የኮንፌዴሬሽን ባንዲራ ሲውለበለብ፣ ለአንድ ጥቁር ባንጆ ተጫዋች ያልተጻፈውም በግልጽ ይነበባል። ፈገግ የሚያሰኝም የሚያሳዝንም ሌላ ነገር አለ። ከ1990 ጀምሮ ከኦልድ ታይም ታላላቅ ጉባኤዎች አንዱ የሚካሄደው በዌስት ቨርጂኒያ ክሊፍቶፕ፣ ካምፕ ዋሽንግተን ካርቨር በሚባል ቦታ ነው። ቦታው በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው ለጥቁር ወጣቶች ካምፕ ሆኖ ሲሆን ስሙም የሁለት ታላላቅ ጥቁር አሜሪካውያን መታሰቢያ ነው።

ከጃረል ቤት በጥቂት ሰዓት የመኪና መንገድ፣ በሜባን ከተማ አካባቢ ሌላ አዛውንት ነበሩ። ጆ ቶምፕሰን በ1918 የተወለዱ፣ በቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከአባታቸው ፊድል የወረሱ ጥቁር ሙዚቀኛ ናቸው። ከዘመዳቸው ከባንጆ ተጫዋቹ ኦዴል ጋር በመንደሩ ጭፈራ ላይ፣ ለጥቁሩም ለነጩም ሲጫወቱ ኖረዋል። ኦዴል በ1994 ሲሞት በባንጆ የሚያጅባቸው ዘመድ አልቀረም።

በ2005 በሰሜን ካሮላይና ቡን ከተማ በሚገኘው አፓላቺያን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ጉባኤ ተጠራ። ከየአቅጣጫው ብቻቸውን ሲጫወቱ የኖሩ፣ ከራሳቸው ሌላ ጥቁር ባንጆ ተጫዋች ያለ የማይመስላቸው ሰዎች ተገናኙ። ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን በዚያ ሰሞን ተዋወቁና ሐሙስ ሐሙስ ወደ ጆ ቶምፕሰን ቤት መሄድ ጀመሩ። ትምህርቱ ኖታ አልነበረውም። አዛውንቱ ይጫወታሉ፤ ልጆቹ ይከተላሉ፤ ሲሳሳቱ ዜማው አይቆምም፤ በሚቀጥለው ዙር ያስተካክላሉ። ከሳሎኑ የወጣው ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባለው ባንድ በ2010 ባወጣው አልበም የግራሚ ሽልማት አገኘ። ጆ ቶምፕሰን በ2007 የብሔራዊ ቅርስ ሽልማት ተቀብለው በ2012 አረፉ።

አሳቡት። እነዚያ ሦስት ወጣቶች አሥር ዓመት ዘግይተው ቢሄዱ ወንበሩ ባዶ ነበር። የአንድ ሕዝብ የሦስት መቶ ዓመት ቅርስ የተንጠለጠለው በአንድ ጡረተኛ የሐሙስ ምሽት ላይ ነበር።

▪️ ፖለቲካ በሩ ላይ ይቅር?

ይህ ታሪክ ሲነሣ የሚቀርብ ተቃውሞ አለ፤ ሚዛን የሌለውም አይደለም። ጃም ውበቱ ሰዎች ፖለቲካቸውን በር ላይ ትተው መግባታቸው ነው ይላሉ። በምርጫ ሁለት ጠርዝ ላይ የቆሙ ጎረቤቶች ጉልበታቸው እስኪነካካ ተጠግተው አንድ ዜማ ይጫወታሉ፤ በተከፋፈለች አሜሪካ እንዲህ ያለ ቦታ ስንት ቀረ? የዘርና የባለቤትነት ጥያቄ ካስገባንበት ይህንንም እናጣለን ይላሉ።

ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ። ማንን እንደመረጥክ አለመጠየቅ እንግዳ መቀበል ነው። ባንጆው ከየት እንደመጣ አለመናገር ግን የፎርድንና የካታሎጉን ቃል እንዳለ ማጽደቅ ነው፤ ዝም ያለው ሰው ሳያውቀው ለአንዱ ወገን ይመሰክራል። ጊደንስ በ2017 ራሌይ ከተማ ላይ ለዓለም አቀፉ የብሉግራስ ሙዚቃ ማኅበር ጉባኤ ባደረገችው ንግግር ያለችው ይህንኑ ነው፤ ጥያቄው ብሉግራስ ውስጥ ብዝኃነትን እንዴት እናስገባ ሳይሆን የነበረውን እንዴት እንመልስ ነው አለች። ከሦስት ዓመት በኋላ የማኅበሩ ፋውንዴሽን ጥቁር ሙዚቀኞችን የሚደግፍ ገንዘብ ሲያቋቁም፣ ስሙን ድምፁ ባልተቀረጸው በአርኖልድ ሹልትዝ ሰየመው።

ይህ ታሪክ ነጮቹ ሙዚቃውን ሰረቁ በሚል አጭር ዓረፍተ ነገር አይጠቃለልም። ሞንሮ ከሹልትዝ ተማረ፤ ስሙንም ጠራ። ሲገር ሪድልን ፈልጎ አገኘ። ጃረል በሩን ለእንግዳ ሁሉ ከፈተ። ችግሩ ዜማው ከእጅ ወደ እጅ መሻገሩ አይደለም፤ መሻገር የሙዚቃው ሕይወት ነው። ችግሩ ዜማው ተሻግሮ ስሙ ሲቀር፣ ከዚያም የቀረው ስም ባለቤት ልጆች በሩ ላይ ቆመው መታወቂያ ሲጠየቁ ነው።

ቅርስን በአጥር መጠበቅ የሚፈልግ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው። ንጹሕ ነው የተባለው ሙዚቃ ሲመረመር የብዙ ሰው እጅ ያለበት ሆኖ ተገኘ። አጥሩን ያሠሩት ካታሎጉ፣ የመብት ወረቀቱና የባለጸጋው ገንዘብ ዜማ አልፈጠሩም፤ የተፈጠረውን ለዩ፣ ቆጠሩ፣ ሸጡ። ዜማውን ከሞት ያዳነው ግን አንድ ሰው ፈቀቅ ብሎ ለሌላው ቦታ የሰጠበት ክብ ነው። ክፍት ወንበር ማለት ደግሞ ማንም አልከለከለም ማለት ብቻ አይደለም። የተገፋውን ሰው በስሙ ጠርቶ «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» ማለትን ይጠይቃል።